የአትላሱ አጎት

ጋሽ ሰይድ ማረፋቸውን የነገረችኝ በድምፅ እንኳ የማላውቃት ሴት ናት። ሐሙስ ረፋድ ላይ መዝገብ ቤት ተቀምጬ ፋይል ስደረድር ስልኬ ጮኸ።

«የጋሽ ሰይድ የእህት ልጅ ነሽ?» አለችኝ።

ትንሽ አሰብኩና፣ «አዎ» አልኳት።

«እኔም ነኝ» አለች። «ማለቴ... በአትላስ በኩል። ሂሩት እባላለሁ። አንድ ቀን እኔ ካልተመቸኝ ለዚህች ደውይላት ብለው ቁጥርሽን ሰጥተውኝ ነበር። ትናንት አርፈዋል።»

እኔ ማርታ እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ እናቴ ወንድም አልነበራትም። ጋሽ ሰይድ ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ መጥተው ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ነበሩ። በሥጋ የሚያገናኘን ነገር የለም። ሂሩትም በአነጋገሯ የጎጃም ሰው ትመስላለች። ሆኖም ሁለታችንም የእህታቸው ልጆች ነን፤ ወረቀት ላይ ፊርማቸው አለ። ስንት እንደሆንን ግን ያን ቀን አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ጋሽ ሰይድ የሞቱት በልባቸው ነው። ከሱቅ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ ደከመኝ ብለው የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ አልተነሡም። በአንጀታቸው አይደለም የሞቱት። ይህን የማስረግጠው እሳቸውም ቢሆኑ ከሁሉ በፊት እንዲነገርላቸው የሚፈልጉት እሱን ስለሚመስለኝ ነው።

ያወቅኳቸው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሃምሳ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። አባቴ ኪንታሮት ነው እየተባለ ቅባት ሲቀባ፣ ሥር ሲታሰርለት ከርሞ በመጨረሻ የአንጀት ካንሰር ሆኖ የተገኘ ሰው ነው። ሐኪሜ ይህን ሲሰማ፣ ምንም ባያምሽም ኮሎኖስኮፒ ታዪ አለኝ። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በመቀመጫ በኩል ገብቶ ትልቁን አንጀት ከዳር እስከ ዳር ያያል። ነገ ካንሰር የሚሆን እባጭ ካለ፣ ካንሰር ሳይሆን እዚያው ተቆርጦ ይወጣል። ሐኪሙ ሲያስረዳው ቀላል ነው። የሚከብደው ለቤተሰብ ማስረዳቱ ነው። እኛ ቤት አንድ ሰው ራሱን አመመው ከተባለ ሰው ከደብረ ብርሃን ድረስ ይጎርፋል፤ ነገሩ መቀመጫ ከሆነ ግን መጥቶ ምን ብሎ ሊጠይቅ ነው? ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ሄድኩ።

ክሊኒኩ ከአትላስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከሆቴሎቹና ከመጠጥ ቤቶቹ ጀርባ ነው። አንድ ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም፤ ያንን ጨው ጨው የሚል የማጽጃ ፈሳሽ በጆግ በጆግ ጨርሼዋለሁ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ስሜን መዘገበችና፣ «አጃቢዎስ?» አለችኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«የሚያስተኛ መርፌ ስለሚሰጥ ያለ አጃቢ አይሠራም። ሌላ ቀን ከሰው ጋር ይምጡ።»

ልጅቷ እውነቷን ነበር። እኔ ግን ያንን ፈሳሽ እንደገና ከምጠጣ ሞት ይሻለኛል አልኩ በልቤ። ዞር ልል ስል ከጀርባዬ ጎርናና ድምፅ መጣ።

«አንቺ ልጅ! ጠብቂኝ አላልኩሽም?»

ረጅም፣ ቀጭን፣ ቡናማ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። የኮታቸው ሦስተኛ ቁልፍ ከሌሎቹ አይመሳሰልም። በአንድ እጃቸው ፔርሙዝ የያዘ ፌስታል አንጠልጥለዋል። የመጡት የራሳቸውን የክትትል ቀጠሮ ሊያስይዙ ነበር። እስክሪብቶውን ከልጅቷ ተቀብለው ስማቸውን ጻፉ፣ ፈረሙ፤ «ዝምድና» በሚለው ሥር ደግሞ «አጎት» አሉ። ልጅቷ የእኔን ስም አየች፣ የእሳቸውን አየች።

«ማርታ... እና ሰይድ?»

«ወሎዬዎች ነን» አሏት። «እኛ ቤት ሁለቱም አለ።»

ከእንቅልፌ ስነቃ የተመለከትኩት የፔርሙዙን ክዳን ነው፤ ሻይ ቀድተውበት ፊቴ ይዘውታል። ደረቅ ዳቦም በወረቀት ጠቅልለው ይዘው ነበር። ምንም አልተገኘብኝም። በታክሲ ገርጂ ቤቴ ድረስ አደረሱኝ። ለምን ይደክማሉ፣ ከዚህ በኋላ እኔ እሄዳለሁ ብላቸው፣ «ተሳፋሪ ሳይወርድ ሹፌር አይወርድም» አሉኝ። በሬ ላይ ስንደርስ ግን እንድገባ አልፈቀዱልኝም።

«የቤትሽ ቁልፍ የት ነው?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ማክሰኞ።»

«እኔ ማነኝ?»

«ይቅርታ፣ አላውቅዎትም» አልኳቸው።

«አልነቃሽም» አሉና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እኔንም አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ጎረቤቶቼ ሰላም እያሉን ያልፋሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሦስቱንም እንደገና ጠየቁኝ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ «አጎቴ» አልኩ። «አሁን ግቢ» ብለው ሄዱ።

ሥራው እንዲያ ተጀመረ። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ ብዬ ትንሽ እኮራለሁ። እሳቸው ራሳቸው መጀመሪያ ሲታዩ ለቤተሰባቸው መናገር አፍረው፣ የጎረቤት ሆቴል ዘበኛ ለምነው ወንድሜ ነው ብለው ያስፈረሙ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንዴም ሁለቴም እየመጡ እንግዳ መቀበያው ጥግ፣ በሩ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አሽከርካሪ ስለነበሩ በር የማይታይበት ቦታ መቀመጥ አይወዱም። ብቻውን መጥቶ የሚሸማቀቅ ሰው ሲያዩ ይነሣሉ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ አንድ ሰው ያን ያህል የእህት ልጅ ሊኖረው እንደማይችል ሳይገባት አልቀረም። ደንቡ የሚጠይቀው ኃላፊነት የሚወስድ ሰው እንጂ የዘር ሐረግ አይደለምና ዝም አለች።

አፋቸው ደግሞ አያርፍም። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚለውን ተረት ለራሳቸው አድርገውት ነበር፤ «ሆድ ያባውን ካሜራ ያወጣዋል» ይላሉ፤ የፈራውን ሁሉ በዚህ ነው የሚያስቁት። ምን ይሉኛል ለሚል ደግሞ ሳይቀልዱ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይሉታል። ቁጥር የሰጣቸው ሰው ካለ ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ይደውላሉ። «ቆሎ የለም። ጎመን የለም። ቀይ ነገር የለም። እንግዳ ከመጣ አሞኛል በሉና ተኙ፤ ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ ተኝቶ ግን አይጎረስም።»

የጉርሻውን ነገር ያወቁት በደረሰባቸው ነው፤ በራሳቸው ቀጠሮ ዋዜማ ጎርሰው ምርመራው ተበላሽቶባቸዋል። የባሰው ግን የአቶ ደምስ ነው። አቶ ደምስ ሾላ ገበያ ቅመም የሚነግድ ሰው ነው። የታዘዘውን ፈሳሽ ሁሉ አሟልቶ ጠጣ፤ ከዚያ፣ ለአንጀት ከተልባ የሚሻል ምን አለ ብሎ፣ ከራሱ ሱቅ የተወቀጠ ተልባ አምጥቶ በጥብጦ ሁለት ብርጭቆ ጨመረበት። ሐኪሙ ቱቦውን አስገብቶ ብዙም ሳይቆይ መውጣቱን፣ በር ላይ ቆሞ «ማነው ለዚህ ሰውዬ ተልባ የሰጠው?» ማለቱን ጋሽ ሰይድ እየሳቁ ይተርኩት ነበር። ካሜራው ላይ የሚታየው ተልባ ብቻ ሆነ። አቶ ደምስ ሲነቃ ምን አለ? «ሐኪሙን ልርዳው ብዬ ነው።» በሁለተኛው ቀጠሮ ዋዜማ ጋሽ ሰይድ ሾላ ሄደው እስኪመሽ ሱቁ ውስጥ ተቀመጡ፤ ሰውየው ማንኪያ እንዳያነሣ ሲጠብቁ ዋሉ።

እኔና እሳቸው አልፎ አልፎ መገናኛ አንድ ሻይ ቤት እንገናኝ ነበር። አንድ ቀን የራሳቸውን ጉዳይ ነገሩኝ። በመጀመሪያው ምርመራ ትልቅ እባጭ ተገኝቶባቸዋል፤ ጠባዩን ወደ ካንሰር መለወጥ ጀምሮ ነበር፤ በጊዜው ስለተቆረጠ ተረፉ። ሐኪሙ ሲሸኛቸው፣ ልጆችዎ አርባ ዓመት ሳይሞላቸው ይታዩ ብሏቸዋል። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ታላቁ ጀማል የካ አባዶ መገናኛ መስመር ላይ ሚኒባስ ይነዳል፣ ታናሿ ሰሚራ ነርስ ናት።

«ነገሯቸው?» አልኳቸው።

«ከረመዳን በኋላ።»

ረመዳን አለፈ። «ከአረፋ በኋላ» አሉኝ። አረፋም አለፈ። ጀማል ያን ጊዜ አርባ ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት?»

«ለሰው ነዋ!» አሉና ሳቁ። ቆይተው ግን ሳቁን ተዉት። «ማርታዬ፣ ጀማል እኮ እኔ ስገባ ቆሞ ነው የሚቀበለኝ። እሱ ፊት ስለ መቀመጫዬ ላውራ? ከምን አንሥቼ?»

«እኔ ልንገረው።»

«በአላህ ይዤሻለሁ። እኔ ሳልነግራቸው አንቺ እንዳትነግሪያቸው።»

ቃል ገባሁ። ወዲያው ተናደድኩ፤ በእሳቸውም በራሴም። ለማያውቁት ሰው ሥራ ፈትተው ሦስት ሰዓት የሚጠብቁ ሰው ለገዛ ልጃቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ማውጣት ያቅታቸዋል? ሁለት ወር ያህል አልደወልኩላቸውም። ስንታረቅ ስለ ልጆቹ አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አላነሡትም። ሌላ ዓመት ሄደ። ከዚያ ሂሩት ደወለች።

ቅዳሜ ከሂሩት ጋር ተቀጣጥረን የካ አባዶ ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ በሁለት ብሎኮች መካከል ተተክሏል። ጥግ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ሙሉ ሰው እርስ በርሱ ሳይነጋገር ተቀምጧል። አንዱ አቶ ደምስ ነው፤ ጋሽ ሰይድ አንድ ቀን ሾላ ወስደው አስተዋውቀውኝ ነበር። የቀሩትን አላውቃቸውም፤ ግን ሲያዩኝ አተያያቸው ገባኝ፤ እነሱም በአትላስ በኩል የእህት ልጆች ናቸው። ሰባት እንሆናለን። የሟች ዘመዶች በምን ታውቁታላችሁ ሲሉን ሁላችንም፣ ሳንመካከር፣ «በሥራ» አልን።

ጥቂት ቆይቶ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ አስጠሩኝ። ደረጃውን ወጥቼ መኝታ ቤት ገባሁ፤ በሩን ዘጉት። ረጋ ያሉ፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው።

«ሰይድ ጡረታ ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አሉኝ። «የምን ሥራ ነው?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«በሳምንት ሁለት ቀን ይላጫል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ሻይ በፔርሙዝ ያስቀዳኛል፣ ይወጣል። ጎረቤት አትላስ አይተነዋል አለኝ። ሴት ደግፎ ሲወጣ፤ ሴትየዋ ቀጥ ብላ መሄድ አቅቷት! በጠዋቱ! ኪሱ ውስጥ ደግሞ የሴት ስም ከነቀኑና ከነሰዓቱ ተጽፎ አገኘሁ። ያንቺም አለበት። አልቆጣሽም ልጄ። ሌላ ቤት ከነበረው ንገሪኝ። የሙት ልጅ ካለ ሐቅ አለው፤ እኔ የሰው ሐቅ ይዤ አልቀመጥም።»

እዚያ ክፍል ውስጥ ያመነታሁበት ነገር ይህ ነው። ቃል ገብቻለሁ፤ ያስገቡኝ ሰው በሞት ተለይተዋል፤ ለሞተ ሰው የተገባ ቃል ደግሞ የሚፈታው የለም። ብዋሽ ሴትየዋ በሌለ ጣውንት ሲብሰለሰሉ ይኖራሉ። እሱንም ይቻሉት ይሆናል። ከታች ግን ልጃቸው ድንኳን ውስጥ ሻይ ያዞራል፤ አርባ አንድ ዓመቱ ነው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ዘበኛውን፣ እባጩን፣ ተልባውን፣ «አጎት» የሚለውን ፊርማ፣ የሐኪሙን ምክርና ቃሌን ጭምር። ስለ መቀመጫ ስናገር ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን አልነቀሉብኝም። ስጨርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እኔን እኮ የጀርባ ሐኪም ጋ ነው የምሄደው ነበር የሚለኝ» አሉ። ከዚያ በመዳፋቸው ጉልበታቸውን መቱ። «አርባ ሦስት ዓመት አብሬው ተኝቼ! ለሰው ሁሉ አጃቢ!» ይስቁ ይሁን ያልቅሱ መለየት አልቻልኩም። ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው በሩን ከፈቱና ወደ ደረጃው ጮኹ። «ጀማል! ና ወዲህ!»

ጀማል የሻይ ትሪውን እንደያዘ መጣ። እናቱ ቃል ሳይመርጡ ነገሩት። ፊቱ ቀላ፤ ትሪውን የሚያስቀምጥበት አጣ።

«እኔ ምንም የለብኝም» አለ። ቀጥሎ፣ ወለሉን እያየ፣ «ትንሽ ደም ነገር... ኪንታሮት ነው፤ ሹፌር አይደለሁ? ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ቅባት እየገዛሁ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት።

«ከመውሊድ።»

አባቴም ቅባት ይገዛ ነበር። ይህን አልነገርኩትም፤ «ቀጠሮውን እኔ እይዝልሃለሁ፤ አጃቢህም እኔ ነኝ» አልኩት ብቻ።

የማጽጃውን ዝግጅት በስልክ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ቆሎ የለም፣ ጎመን የለም። «እናቴ አወቀች፤ ሌላ ሰው ግን አይስማ፣ ማርታ» እያለ ለመነኝ። አይሰማም አልኩት። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ የጀማል ሚኒባስ መጣ። የሚነዳው ጓደኛው ነው። በሩ ሲከፈት እትዬ ዘይነባ ወረዱ። ሰሚራ ወረደች። ሁለት አክስቶች ወረዱ። የብሎኩ ዕድር ሰብሳቢ ወረዱ። ሂሩት ወረደች። አቶ ደምስ ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ «ተልባ አልጠጣህም አይደል?» እያለ ወረደ። ጀማል መጨረሻ ላይ ጃኬቱን ፊቱ ላይ ስቦ ብቅ አለ።

«እትዬ፣ ምነው ይህን ሁሉ ሰው?» አልኩ።

«ሰው ሲታመም ብቻውን ይሄዳል እንዴ?» አሉኝ። «የሰይድ መደበቅ ይበቃል።»

እንግዳ መቀበያው ሞላ። ልጅቷ ያቺው ናት። የጀማልን ስም ጠርታ፣ «አጃቢው ማነው?» ስትል ሁሉም ብድግ አለ። ዕድር ሰብሳቢው ሳይቀሩ። እሷ እስክሪብቶውን ይዛ ማንን እንደምትመርጥ ጠፋት።

«እሷ ትፈርም» አሉ እትዬ ዘይነባ ወደ እኔ እያሳዩ። «መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት።»

ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፤ «ዝምድና» በሚለው ሥር «አክስት» አልኩ። ልጅቷ አነበበችው። ማርታ። ከዚያ፣ ጀማል ሰይድ። የአባቱ ስም ላይ ዓይኗ ቆመ። በሩ ፊት ለፊት ወዳለው ባዶ ወንበር ተመለከተች፤ እሱ ላይ ማንም አልተቀመጠም ነበር።

«ወሎዬዎች ናችሁ» አለች ቀስ ብላ።

«ነን» አልኳት።

ሁለት እባጭ ተገኘበት። አንዱ ትንሽ ነው። ሌላው፣ ሐኪሙ እንዳለው፣ ጥቂት ዓመት ቢሰጠው ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው፤ ለአሁኑ ግን ተቆርጦ ወጥቷል። ሥጋው ተመርምሮ ክፉ ነገር እንዳልነበረበት በኋላ ሰማን። ያን ቀን ግን ሐኪሙ ፊት ላይ ያየሁት እፎይታ ይበቃኝ ነበር፤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስመለስ ሰሚራ እንግዳ መቀበያዋ ጋ ቆማ የራሷን ቀጠሮ ታስይዛለች።

ሚኒባሷ የካ አባዶ ብሎኩ በር ላይ አወረደችን። ጀማልን ደግፌ ደረጃው ጋ ስንደርስ አቆምኩት። ሌሎቹም ከኋላችን ቆሙ።

«ቁልፍህ የት ነው?»

«እናቴ ጋ።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ቅዳሜ።»

«እኔ ማነኝ?»

እንቅልፍ በተጫናቸው ዓይኖቹ ትኩር ብሎ አየኝ። «የአባዬ ተሳፋሪ» አለኝ።

የምጠብቀው «አክስቴ» እንዲለኝ ነበር። «አልነቃህም» አልኩት፤ አባቱ ዳቦ ይዘው በተቀመጡበት ደረጃ ላይ አጠገቤ አስቀመጥኩት። እትዬ ዘይነባ ፔርሙዙን ከፌስታሉ አወጡና ከጎናችን ተቀምጠው ሻይ ይቀዱልን ጀመር።